አውቶቡሱ ከመምጣቱ በፊት ምን እንበል?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ ስለ አንድ ጉዳይ ናቸው፤ ስለ ድሬዳዋ ትራንስፖርት። ስለዚህ ዓምዱን በሙሉ ለእነሱ ሰጥቻለሁ። የመጀመሪያው መልስ ረዝሟል፤ ጥያቄው ስለሚገባው ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ላንቺ። የምኖረው መልካ ጀብዱ ነው፤ ሥራዬ አትክልት ንግድ ነው፤ ዕቃ የማነሣው ከቀፊራ ገበያ ነው። ሰፈራችን ውስጥ ስለ ከተማ አውቶቡስ መስመር ሕዝቡ ሐሳብ ይስጥ ተብሎ ስብሰባ ሊጠራ ነው አሉ። ከዚህ በፊትም ስንት ስብሰባ ተጠርተናል። ሄደን፣ ሰምተን፣ አጨብጭበን መመለስ ነው። ሥራዬን ጥዬ መሄዱ ይጠቅማል? ብሄድስ ምን እላለሁ? እኔ መሐንዲስ አይደለሁም።
የአትክልት ነጋዴ፣ ከመልካ ጀብዱ

መልስ፦ ሂጂ እህቴ። ብቻሽን ግን አትሂጂ።

መሐንዲስ አለመሆንሽ አያሳስብሽ። እኔ መሐንዲስ ነኝ። ድሬ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ በመንገድና በትራፊክ ጥናት ዓመታት ሠርቻለሁ። ቢሮ ቁጭ ብሎ ካርታ ላይ መስመር የሚያሰምር ሰው ከንጋቱ 11 ሰዓት ቀፊራ ምን እንደሚመስል አያውቅም። አንቺ ታውቂዋለሽ። ስብሰባው ላይ የሚጎድለው ይሄ ነው።

በቅርቡ አንድ ማለዳ ቀፊራ በር ላይ ቆሜ ነበር። አንዲት እናት ሁለት ማዳበሪያ ሽንኩርትና አንድ ዘንቢል ቲማቲም ይዛ ቆማለች። ሚኒባስ መጣ። ረዳቱ ዕቃውን አየና "ሞልቷል" አላት። ውስጥ ባዶ ወንበር ይታያል። ባጃጆቹ ደግሞ "ኮንትራት ከሆነ" አሏት። ከሦስተኛው ጋር ተከራክራ ተስማማች። አንዱ ማዳበሪያ ከኋላ ገባ፤ አንዱ እግሯ ሥር፤ ዘንቢሉ ጭኗ ላይ። ትንሹ ልጇ ከጎኗ ተጣብቆ ማዳበሪያው ላይ እግሩን ሰቀለ። ያን ቀን መንገድ ዳር ተሽከርካሪ የሚቆጥር ባለሙያ ቢኖር ኖሮ ይህችን እናት "አንድ ባጃጅ" ብሎ መዝግቧት ያልፍ ነበር። ሽንኩርቱ አይመዘገብም። ልጁ አይመዘገብም። ከትርፏ ላይ ለኮንትራት የከፈለችውም አይመዘገብም። ከዚያ መዝገብ ተነሥቶ የሚገዛ አውቶቡስ ለማዳበሪያ ቦታ የሌለው ቢሆን ምን ይገርማል?

ስለዚህ መጀመሪያ የምትናገሪው ይህን ነው፦ ምን ተሸክመሽ፣ ከየት ወዴት፣ በስንት ሰዓት እንደምትሄጂ። "የትራንስፖርት ችግር አለብን" አትበዪ። እሱን ሁሉም ይላል፤ የሚጽፈው ሰው ደግሞ ለአንድ መቶ ሰው አንድ መስመር ጽፎ ይጨርሳል። "ከንጋቱ 11 ሰዓት ከመልካ ጀብዱ ወደ ቀፊራ እወጣለሁ፤ 1 ሰዓት ሳይሞላ ሁለት ማዳበሪያ ይዤ እመለሳለሁ" ካልሽ ግን ያ ለዕቅድ የሚሆን መረጃ ነው። መስመሩ በስንት ሰዓት ይጀምር፣ አውቶቡሱ ከኋላ ምን ያህል የዕቃ ቦታ ይኑረው የሚለው ከዚያ ይወጣል።

ሁለተኛው ነገር ሰዓት ነው። ይሄንን ካላነሣችሁ ማንም አያነሣላችሁም። አዲስ አበባ ላይ አውቶቡስ ሲታሰብ ሁለት የጭንቅ ሰዓት ይያዛል፤ ጠዋት ወደ ሥራ፣ ማታ ወደ ቤት። የድሬ ቀን እንደዚያ አይደለም። ሰው በጠዋቱ ቀዝቃዛ አየር ይወጣል። ቀትር ላይ ፀሐዩ ሲበረታ ወደ ቤቱ ይገባል። 9 እና 10 ሰዓት አካባቢ እንደገና ይወጣል። ማታ ነፋስ ሲመጣ ደግሞ ቤት የሚቀር የለም። አራት ጊዜ ነው የምንንቀሳቀሰው። ከሌላ ከተማ የተቀዳ ፕሮግራም እዚህ ቢመጣ፣ አውቶቡሱ ሰው በሌለበት ሰዓት ባዶውን ይዞራል፤ ሰው ከዚራ ሰፈር ሲንሸራሸር አምሽቶ ወደ ቤቱ ሲፈልገው ደግሞ ተኝቷል። የማታው ሰዓት ለሴቶች ይበልጥ ያሳስበኛል። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ብቻዋን ኮንትራት የምትይዝ ልጅ የምትከፍለው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ሥጋትም አለ።

ሦስተኛ፣ መድረኩ ላይ "ይህን ያህል አውቶቡስ እናስገባለን" ሲባል ቶሎ አታጨብጭቡ። ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። "ፌርማታ ላይ ቆሜ ስንት ደቂቃ እጠብቃለሁ?" ብለሽ ጠይቂ። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ አንቺ በየቀኑ ከምትሠሪው የጅምላና የችርቻሮ ሒሳብ አይከብድም። መስመሩ 10 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። ደርሶ መልስ 20 ነው። ከተማ ውስጥ እየቆመ እየተነሣ የሚሄድ አውቶቡስ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ደርሶ መልሱ 80 ደቂቃ ይፈጃል። ጫፍና ጫፍ ላይ አሥር አሥር ደቂቃ ማረፊያ ሲጨመር 100 ደቂቃ ይሆናል። አራት አውቶቡስ ከተመደበ፣ 100 ለ4 ሲካፈል፣ በየ25 ደቂቃው አንድ ይመጣል። አንዱ ጋራዥ ከገባ ሦስት ይቀራሉ፤ ጥበቃው ከ33 ደቂቃ ያልፋል። በየ10 ደቂቃው እንዲመጣ ከተፈለገ አሥር አውቶቡስ መንገድ ላይ መሆን አለበት፤ ለብልሽት የሚተካ መጠባበቂያም ያስፈልጋል።

እኔ ለአምስት መስመር ሁለት ሁለት አውቶቡስ ከሚበተን፣ ሰው በሚበዛበት አንድ መስመር ላይ አሥሩም ቢመደቡ እመርጣለሁ። ይህ አቋሜ እንደማይወደድ አውቃለሁ፤ ሁሉም ሰፈር ለራሱ ይፈልጋል። ግን በየ50 ደቂቃው የሚመጣ አውቶቡስን ማንም አይጠብቀውም። ሰው ትቶት ባጃጅ ይይዛል። ከዚያ "ሕዝቡ አውቶቡስ አይፈልግም" ተብሎ መስመሩ ይዘጋል። አንድ መስመር በደንብ ሲሠራ ያየ ሰፈር ግን ሁለተኛውን ራሱ ታግሎ ያመጣዋል።

"በሦስተኛው ዓመት ጎማውን የሚገዛው ማነው?" ብለሽም ጠይቂ። ይሄ ተራ ጥያቄ አይደለም። ድሃ የሚችለው ታሪፍ የአውቶቡሱን ወጪ በሙሉ አይሸፍንም፤ ይህ በብዙ አገር ያለ ነው። ልዩነቱን ከተማው በየዓመቱ በበጀት መያዝ አለበት። አውቶቡስ ሲገዛ ሪባን ይቆረጣል፤ ጎማና መለዋወጫ ሲገዛ ሪባን የለም፤ ስለዚህ ይረሳል።

ፌርማታን በተመለከተ፣ በመማሪያ መጻሕፍት ላይ ሰው ወደ ፌርማታ 400 ወይም 500 ሜትር ይራመዳል ተብሎ ይታሰባል። እነዚያን መጻሕፍት የጻፉ ሰዎች በሚያዝያ ቀትር ሳቢያን ሰፈር ላይ 500 ሜትር አልተራመዱም። ከዚራ ውስጥ ዛፍ አለ፤ ሰው በጥላ ጥላ ይሄዳል። አዳዲሶቹ ሰፈሮች ግን ሜዳ ናቸው። ፌርማታው የት ይሁን ሲባል ጥላ ያለበትን ቦታ፣ ጥላ ከሌለ መጠለያ የሚሠራበትንና ዛፍ የሚተከልበትን ቦታ እናንተ አሳዩ። የቆርቆሮ መጠለያ ብቻውን ደግሞ ከላይ ሲግል ምጣድ ነው፤ ንፋስ የሚያሳልፍ ይሁን በሉ።

ደቻቱንም እንዳትረሱ። ወንዙ ደረቅ ሲሆን ሰው በአሸዋው ላይ አቋርጦ ይሄዳል፤ የመጋላና የከዚራ ሰፈሮች ማዶ ለማዶ ናቸው። ጎርፍ ሲመጣ ግን ሌላ ነው። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰው ወስዶብናል፤ ያን ሌሊት ያሳለፈ ሰው ሁሉ በየትኛው በኩል ውሃው እንደመጣ፣ የቱ መሻገሪያ ቀድሞ እንደሚዘጋ በዓይኑ ያውቃል። የአውቶቡስ መስመር ሲሰመር እነዚህ ሰዎች ሊጠየቁ ይገባል። ደመናው በላይ በተራራው በኩል ሲጠቁር አውቶቡሱ በየት ይዙር? ይህ ከመጀመሪያው ቀን የተጻፈ መልስ ያስፈልገዋል።

አሁን ስለ ስብሰባው። ብቻሽን አትሂጂ ያልኩሽ ለዚህ ነው፦ አንድ ሰው ሲናገር "የግል ቅሬታ" ይባላል። ከስብሰባው በፊት በእድራችሁ ወይም በአፎቻ ማኅበራችሁ ተነጋገሩበት። ሴቶቹ ሲሰበሰቡ አንድ ደብተር አውጡ። እያንዳንዷ ከየት ወዴት፣ በስንት ሰዓት፣ በምን፣ በስንት ብር እንደምትሄድ ትናገር፤ አንዲት ተማሪ ትጻፍ። ሠላሳ ሰው ከተጻፈ በቂ ነው። ያንን ደብተር ይዛችሁ ስትገቡ መድረኩ ላይ ያለው ሰው አቀማመጡን ያስተካክላል።

የስብሰባው ሰዓት ገበያ ላይ ከዋለ አስቀድማችሁ ይቀየርልን በሉ። አማርኛ ብቻ ከሆነም ኦሮምኛና ሶማልኛ ይጨመርበት በሉ። በእነዚህ ቋንቋዎች የሚነጋገር ሰው ግማሹን ካልሰማ ሐሳብ ሰጠ አይባልም። መጨረሻ ላይ ደግሞ ቃለ ጉባኤው ይነበብ፤ የሰጣችሁት ሐሳብ መግባቱን በጆሯችሁ ስሙ። "መልሱን መቼ፣ የት ነው የምናየው?" ብላችሁ ቀን አስቆርጡ። ያላችሁት ሁሉ ላይሆን ይችላል። ያልሆነው ለምን እንዳልሆነ ግን በጽሑፍ ተለጥፎ ማየት መብታችሁ ነው። ለእኔ እውነተኛ የሕዝብ ተሳትፎና ጭብጨባ የሚለዩት እዚህ ላይ ነው።

ይህ ሁሉ ሕልም አይደለም። ናይሮቢ ላይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስልካቸውን ይዘው ማታቱ በሚባሉት ሚኒባሶች እየተሳፈሩ መስመሮቹን አንድ በአንድ መዘገቡ። ከ130 በላይ መስመር ያለው ካርታ እ.ኤ.አ. በ2014 ወጣ። ከዚያ በፊት ከተማው ውስጥ ሚኒባስ በየት በየት እንደሚሄድ ሙሉውን የሚያሳይ ወረቀት አልነበረም። ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ ልጆች፣ ይህ ለመመረቂያ ጽሑፍ ይሆናችኋል። የባጃጅና የሚኒባስ መስመሮቻችንን ካርታ ሥሩልን።

ጥያቄ፦ አቦ እንዴት ነሽ። ባጃጅ እነዳለሁ። የራሴ አይደለችም፤ ለባለቤቷ በየቀኑ ገቢ አስገባለሁ፤ የተረፈችዋ የእኔ ናት። አውቶቡስ ከገባ እኛ አለቀልን። ማኅበሩ "እንቃወም" እያለ ነው። አንቺ ለአውቶቡስ ስትከራከሪ ሰምቻለሁ። እኛ የት እንግባ ነው የምትይው?
ሾፌር፣ ከገንደ ቆሬ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሥጋትህ ልክ ነው፤ እኔም ቀላል ነው ብዬ አልሸነግልህም። ድሬን እስከዛሬ ያንቀሳቀሳት ባጃጅ ነው። በሌሊት ምጥ የያዛትን እናት ድል ጮራ ሆስፒታል ያደረሰው የእናንተ ልጅ ነው። ይህን የረሳ ዕቅድ አይሳካም፤ መሳካትም የለበትም።

ግን ከተማው እያደገ ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የድሬዳዋ አስተዳደር ሕዝብ 341,834 ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሳቢያን በኩል፣ መልካ ጀብዱ በኩል የተሠራውን ቤት አንተ በየቀኑ ታየዋለህ። ሦስት ሰው በምትጭን ባጃጅ ይህን ሁሉ ሕዝብ ረጅም መንገድ ማመላለስ አይቻልም። መንገዱም አይችልም፤ የቤንዚን ሰልፉም አይችልም።

የሌጎስን ነገር ላንሣልህ፤ ሰዎቹ በመጀመሪያ እንደ እናንተው ሠግተው ነበር። ሌጎስ እ.ኤ.አ. በ2008 የመጀመሪያውን የፈጣን አውቶቡስ መስመር ከፈተች፤ 22 ኪሎ ሜትር ነው። የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ የሚኒባስ ሾፌሮችን ማኅበር ከመጀመሪያው አስገብቶ ተነጋገረ። መጨረሻ ላይ ከማኅበሩ የወጣ የኅብረት ሥራ ድርጅት አውቶቡሶቹን ራሱ ይዞ አሠራቸው። በማኅበሩ ያሉት ሰዎች ተቃውመው ቢቀሩ ኖሮ ባለድርሻ አይሆኑም ነበር።

ስለዚህ "እንቃወም" ከማለት "እንግባበት" ይሻላል። ለምሳሌ ረጅሙን መንገድ አውቶቡሱ ይውሰድ። ከፌርማታው ወደ ሰፈር ውስጥ፣ አውቶቡስ በማይገባበት መንገድ፣ ባጃጅ ያድርስ። ረጅም መንገድ ጭነህ ሄደህ ባዶህን ስትመለስ የምታቃጥለውን ቤንዚን አንተ ታውቀዋለህ። አጭር ምልልስ ላይ ወንበርህ ቶሎ ቶሎ ይሞላል። ይህ የሚሆነው ግን ፌርማታው ሲሠራ የባጃጅ መቆሚያ አብሮ ከተሠራለት ብቻ ነው። መቆሚያ ካልተሠራ ባጃጁ ፌርማታው ላይ ይደረደራል፤ አውቶቡሱ መሐል መንገድ ይቆማል፤ ከዚያ ትራፊክ ፖሊስ አንተን ነው የሚቀጣው። ስለዚህ መቆሚያው በዕቅዱ ላይ በሥዕል ይታይ በሉ። ለአውቶቡሱ ሾፌር ሲቀጠር ደግሞ ለባጃጅ ሾፌሮች ቅድሚያ ይሰጥ፤ የሕዝብ መንጃ ፈቃድ ሥልጠናውም ይታገዝ በሉ።

አንድ ነገር ልብ በል። ማኅበሩ የባለንብረቶቹ ነው። አንተ ገቢ አስገቢ ነህ። ባለንብረቱ ባጃጁን ሸጦ ሌላ ሥራ ሊጀምር ይችላል፤ አንተ የምትሸጠው የለህም። ጥቅማችሁ አንዳንድ ቦታ ላይ አንድ ነው፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። እናንተ ሾፌሮች ለብቻችሁ አንድ ሁለት ሰው ወክላችሁ ስብሰባው ላይ ወንበር ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ከምድር ባቡር ጡረታ የወጣሁ ነኝ። ድሬ የባቡር ልጅ ናት። አዲስ አበባ ቀላል ባቡር ተሠርቶላታል፤ ለእኛ የማይሠራው ለምንድን ነው? ስለ አውቶቡስ ብቻ ሲወራ ልቤ ያዝናል።
ጡረተኛ፣ ከከዚራ

መልስ፦ ጋሼ፣ ኀዘንዎ ይገባኛል። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ እዚህ ደርሶ፣ ወደ ሐረር ተራራውን ማውጣቱ ከባድ ስለነበር ነው ይህች ከተማ የተቆረቆረችው። አዲስ አበባ ባቡር ያየችው ከዚያ በኋላ ነው፤ በ1909 ዓ.ም.። የእርስዎ ሰፈር መንገዶች እንዲህ ቀጥ ያሉትም በባቡሩ ምክንያት ነው።

ቢሆንም ቀላል ባቡርን ለድሬ አልመክርም። የአዲስ አበባው በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ለ34 ኪሎ ሜትር ያህል መስመር 475 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል፤ አብዛኛውም ብድር ነው። ከዚያ በኋላ በመለዋወጫ እጥረት ብዙዎቹ ባቡሮች ቆመዋል። መለዋወጫ ሲጠፋ ባቡር ምን እንደሚሆን ለእርስዎ አልነግርዎትም፤ ዕድሜዎን በሙሉ የሠሩበት ነው። በዚያ ገንዘብ ትንሽ ክፍል ድሬ ጥሩ አውቶቡስ፣ ጥሩ ፌርማታና ጥሩ ጋራዥ ሊኖራት ይችላል።

ነገር ግን ባቡርን የሚመለከት አንድ ሥራ አለ፤ እሱን እርስዎ ቢይዙት ደስ ይለኛል። አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ከታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ጀምሮ መንገደኛ ይጭናል። ጣቢያው እንደ ድሮው ከዚራ መሐል አይደለም፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። መንገደኛው ከነሻንጣው ወርዶ ከኮንትራት ጋር ይደራደራል። ባቡሩ በገባ ቁጥር አውቶቡስ በሩ ላይ ቆሞ ሊጠብቀው ይገባል። ባቡሩ ካረፈደም አውቶቡሱ አብሮ ያርፍድ፤ ጣቢያው ለአውቶቡሱ ስምሪት ይደውልለት። ይህ ሐዲድ መዘርጋት አይጠይቅም፤ የሰዓት ቅንጅት ብቻ ነው። በድሮው ባቡር ጣቢያ ከጣቢያ እየተነጋገረ ባቡር ሲያሳልፍ የኖረ ሰው ስለዚህ ነገር ከእኔ በላይ ያውቃል።

ባልደረቦችዎን ይሰብስቡና በአንድ ገጽ ጻፉት፦ ባቡሩ ሲያረፍድ ማን ለማን ይደውላል፣ አውቶቡሱ እስከ ስንት ደቂቃ ይጠብቃል፣ ሻንጣ የት ይጫናል። ስብሰባው ላይ ያንብቡት። ለእኔም ቅጂውን ይላኩልኝ፤ በሚቀጥለው ዕትም አወጣዋለሁ።